ስትረግጡ ክብደቱ በየት ይወርዳል?

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ በጡረታዬ የዳንስ ፓድ፣ ማለትም በእግር እየረገጡ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጫወቱበት ሰሌዳ፣ እሠራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ክፍሎቹን በስሪዲ ፕሪንተር አሳትሜያለሁ፤ ሽቦውን አግዘኝ» ብላ መጣች። ስሪዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ እያቀለጠ በንብርብር ዕቃ የሚሠራ ማሽን ነው።

ጨዋታው የጃፓኑ ኮናሚ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን ነው። ሙዚቃውን እየተከተሉ አራት ቀስቶችን በእግር መርገጥ ነው። እኛ የትከሻ ሰዎች ነን፤ እኔማ የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ወንበር ፈለግሁ። ለኮምፒውተር ስቴፕማኒያ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ስላለ የጎደላት ፓዱ ብቻ ነበር።

ንድፏ ያምራል። ግን የእያንዳንዱን ቀስት ሰሌዳ በአራት የታተሙ የፒኤልኤ (የፕሪንተሩ ፕላስቲክ) ማዕዘኖች ላይ አሳርፋዋለች። በሁለተኛው ቀን ዘላ ስታርፍ ሦስቱ በመስመር ተሰነጠቁ። «ፕላስቲኩ እርባና የለውም» አለች። ፕላስቲኩ ምን አደረገ? የታተመ ዕቃ በመሶብ እንዳለ እንጀራ ድርብርብ ነው፤ ከላይ ቢጫኑት ይችላል፣ ወደ ጎን ሲገፉት ግን በንብርብሩ ይላቀቃል። ሰው ዘሎ ሲያርፍ ደግሞ ጫናው ከክብደቱ በላይ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ከመሳላችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ክብደቱ ከእግራችሁ እስከ ወለሉ የሚወርድበትን መንገድ በጣታችሁ ተከተሉ። እኛ መንገዱን ቀየርነው፦ ሰሌዳው መረገጡን በሚለዩት ሴንሰሮች ላይ፣ ሴንሰሮቹ በወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ። የታተመው ክፍል ሴንሰሩ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን የሚይዝ ስስ ክፈፍ ብቻ ሆነ። እሷ ግን አስቀድማ 16ቱንም ማዕዘን አሳትማ ነበርና ያ ሁሉ ፕላስቲክ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። አንድ ቀስት ሠርታችሁ ለሳምንት ሳትረግጡት ሁለተኛውን አትጀምሩ።

ሴንሰሩ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል። ከ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት ከሚገድብ ትንሽ ክፍል) ጋር አያይዘን አርዱይኖ ሊዮናርዶ የሚባል፣ ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ አስገባነው፤ ሊዮናርዶ ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ስለሚቀርብ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም። ጫናውን ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ያነበዋል፤ ጫናው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል።

ሁለት ምሽት የበላን እዚህ ጋ ነው። አንድ እርምጃ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ልጅቱ ሴንሰሩን ልትቀይር ተነሳች። እኔ «ቁጥሩን መጀመሪያ አሳይኝ» አልኳት። ስናየው ንባቡ «ተረገጠ» ለማለት እሷ ያስቀመጠችው ወሰን ላይ ሲደርስ ከፍ ዝቅ እያለ ይንቀጠቀጣል። አንድ የነበረውን ወሰን ሁለት አደረግነው፦ 400 ሲደርስ ተረገጠ፣ ከ350 ሲወርድ ተለቀቀ። ድርብ ቆጠራው ቆመ። የግራው ቀስት ግን ማንም ሳይነካው 500 ያነባል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ብሎኑን እንደ ድሮ ልማዴ አጥብቄ አስሬው ሰሌዳው ሴንሰሩን ሲጫነው ኖሯል። ሩብ ዙር አላላሁት።

ሳትለኩ የዕቃ ክፍል የምትቀይሩ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፤ እኔም በወጣትነቴ ጤነኛ ትራንዚስተር ነቅዬ ጥያለሁ።

አሁን የቀረን የታች ጎረቤታችን ናቸው። ኮንዶሚኒየም ነውና ከስሩ ወፍራም ጎማ አንጥፈናል፤ ቢሆንም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ፓዱ ግድግዳ ይደገፋል።