የዲከንስ ዕቃዎች የት ገቡ? ያላችሁን ጠይቁ

ዛሬ ስለ እንግሊዛዊው ልቦለድ ጸሐፊ ስለ ቻርልስ ዲከንስ ንብረት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰውየው የሞተው በ1870፣ ኬንት ውስጥ ጋድስ ሂል በሚባለው ቤቱ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ዕቃው ከማን እጅ ወጥቶ ማን እጅ ገባ? ወረቀት አለው? ይሄን ሳትጠይቁ ሳንቲም እንዳታወጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የድመት እግር ነበረው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ይቺን ጥያቄ ስወዳት! ቦብ የሚባል ድመት ነበረው። ድመቱ ሲሞት የሚስቱ እህት ጆርጂና ሆጋርት መዳፉን አስደርቃ፣ ከዝሆን ጥርስ ለተሠራ የፖስታ መክፈቻ እጀታ አስደረገችለት። «ለቦብ መታሰቢያ 1862» የሚል ተቀርጾበታል። አሁን ኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። ብዙ ሰው ይጠየፈዋል፤ እኔ ግን ሐዘን ነው የማይበት። ደግሞ ጆርጂናን ያዙልኝ። ዲከንስ በ1858 ከሚስቱ ሲለያይ ቤቱን ይዛ የቀረችው እሷ ነች። በኑዛዜው 8,000 ፓውንድ ሰጣት፤ በዚያ ላይ ከጽሕፈት ጠረጴዛውና ከክፍሉ ያሉትን ትንንሽ ዕቃዎች በሙሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «የዲከንስ ነው» ብሎ ትንሽ ዕቃ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በጆርጂና እጅ አልፏል ወይ ብዬ ነው። ስቴኪኒው እንኳን፣ አዎ የጥርስ መጎርጎሪያው፣ በ2009 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 9,150 ዶላር የወጣለት የሷ የምስክርነት ደብዳቤ አብሮት ስለነበረ ነው።

ጥያቄ፦ ያሳድገው የነበረው ቁራስ?

መልስ፦ ግሪፕ። በ1841 ሞተ፣ ዲከንስ አስደርቆ አስቀመጠው፣ ጌታው በሞተ በወሩ በጨረታ 120 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) ተሸጠ። አሁን ፊላዴልፊያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ፊርማ ያለው የቆየ መጽሐፉ አለ። ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ሳላየው? መቼ የታተመ? ከማን ያገኘኸው? ወንድሜ፣ ወረቀት!

ጥያቄ፦ ጠረጴዛውና ወንበሩ ወደ ሙዚየም እንዴት ገቡ?

መልስ፦ ይሄ ረጅም ነው። ሲሞት ሉክ ፊልድስ የሚባለው ሠዓሊ ባዶውን ወንበር ሳለው፤ ሥዕሉ ተባዝቶ በየቤቱ ተሰቀለ፣ ወንበሩም ከሰውየው እኩል ታወቀ። ዕቃዎቹ በቤተሰቡ እጅ ሲወራረሱ ቆይተው ለንደን ላለው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተለገሱ። ዲከንስም በሕይወት እያለ ለዚያው ሆስፒታል ገንዘብ አሰባስቦ ነበር። በ2008 በጨረታ 433,250 ፓውንድ ተሸጡ። በ2015 ደግሞ ከብሔራዊ ቅርስ ፈንድ በተገኘ 780,000 ፓውንድ ለንደን፣ ዳውቲ ስትሪት ቁጥር 48 ያለው የዲከንስ ሙዚየም ገዛቸው። አንድ ስህተት ግን ልንቀል፦ «የመጨረሻ ልቦለዱን የመጨረሻ ገጾች የጻፈበት ጠረጴዛ» የሚሉት ነገር አለ። በዚያች የመጨረሻ የሥራ ቀን ልቦለዱን ሲጽፍ የዋለው ተዋናይ ጓደኛው ፌክተር በሰጠው፣ ከስዊዘርላንድ ተበታትና በሳጥን በመጣች የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። እሷ ቤት ዛሬ እዚያው ኬንት፣ ሮቸስተር ከተማ ናት። ማታ ወደ ዋናው ቤት ተመልሶ ራት ላይ ወደቀ።

ጥያቄ፦ የእጅ ጽሑፎቹስ?

መልስ፦ አብዛኞቹን ለጓደኛው ለጆን ፎርስተር ተወ። ፎርስተር በ1876 ሲሞት ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ለሚባለው ሙዚየም አወረሰ።

አንድ አባል፦ ቆይ፣ የመቅደላ ዘውዳችን ያለበት ሙዚየም አይደል እንዴ?

ሌላ አባል፦ ራሱ ነው። በ2018 በውሰት እንስጣችሁ ያሉን! የራስን ዕቃ በውሰት!

ሦስተኛ አባል፦ የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ግን በ2019 ተመልሷል።

ሁለተኛው፦ እሱ ከእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ሙዚየም ነው፣ አትደባልቀው።

መልስ፦ እኔንም ያንገበግበኛል። ከላይ ያልኩትን ጥያቄ እዚህም ጠይቁት፤ የፎርስተር ወረቀት በኑዛዜ ገባ፣ ዘውዱ ደግሞ በ1868 በዘረፋ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው እንጂ አመጣጣቸው አንድ አይደለም። ይሄ የራሱ ቀን ይፈልጋል፤ አሁን ወደ ዲከንስ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ የግል ደብዳቤዎችስ ተገኝተዋል?

መልስ፦ እሱ የጻፋቸው በሺዎች አሉ። ለሱ የተጻፉትን ግን በ1860 ጓሮ አውጥቶ አቃጠላቸው፤ ልጆቹም በአመዱ ሽንኩርት ጠበሱበት። ስለዚህ ለዲከንስ የተላከ ደብዳቤ ልሽጥልህ ያለህን ሁለት ጊዜ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ እኔም ፊርማ ያለው መጽሐፍ አለኝ፣ ስንት...

መልስ፦ ኧረ እባካችሁ! ከላይ አንብቡ!

ጥያቄ፦ ሙዚየሙ ስሄድ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ፎቶ መነሳት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም።