ረከቦቱን ከመሀል አንሱ፦ ስለ ቤተሰብ ጌሞች የጠየቃችሁኝ

በዓል ሲቃረብ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። ዘመድ ይሰበሰባል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል፣ ትልልቆቹ ቡናቸውን ይዘዋል። ሁለቱን ወገን አንድ ላይ የሚያስቅ ጌም አለ ወይ? አለ። እጅ እያወዛወዙ የሚጫወቷቸው የስፖርት ጌሞች ናቸው። ከጥያቄዎቻችሁ ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

እናቴ ከጎንደር መጥታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ናት። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። ከአያታቸው ጋር እየተያዩ ዝም ነው። አብረው የሚጫወቱት ነገር ይኖር ይሆን? 72 ዓመቷ ነው፤ ጆይስቲክ ነክታ አታውቅም።

እህቴ፣ ዊ የሚባለውን የጌም ማሽን፣ ያገለገለውን ፈልጊ። አዎ፣ ያንን አሮጌውን። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አሜሪካ ውስጥ ዊ ስፖርትስ የሚባለው ዲስክ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሸጥ ነበር፤ ቴኒስ፣ ቤዝቦል፣ ቦውሊንግ፣ ጎልፍና ቦክስ አሉበት። ከ82 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሰራጭቷል፤ ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ አይጠፋም። መያዣው የቲቪ ሪሞት ይመስላል፣ ስሙም ሪሞት ነው። ሰው እንዳይፈራው ተብሎ ነው።

በቴኒስ ጀምሩ። ቲቪው ላይ ያለችው ተጫዋች ራሷ ሮጣ ኳሱ ጋ ትደርሳለች። እናትሽ የሚጠበቅባቸው ኳሱ ሲመጣ እጃቸውን መሰንዘር ብቻ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጠውም ይሆናል። ቦውሊንጉ ትንሽ ይከብዳል። ከሪሞቱ ሥር ያለውን ቁልፍ ተጭነው እጃቸውን ወደ ኋላ ይወስዳሉ፤ ወደ ፊት ሲወረውሩ ይለቃሉ። የእኔ እናት መጀመሪያ ቀን እጇ ኋላ እንዳለ ለቀቀችው። ኳሱ ወደ ኋላ በረረ፤ ቲቪው ውስጥ ከኋላ የቆሙት ሰዎች ደንግጠው ዘለሉ። «ውይ በሞትኩት! ሰው መታሁ እንዴ?» አለች። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ አንጫወትም እንዴ?» ያለችው እሷ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመጫወታችሁ በፊት ልጆቹ የአያታቸውን ምስል ይሥሩላት። ሚ ይባላል። ቅንድብ፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ፀጉር አንድ በአንድ እየተመረጠ ነው የሚሠራው። አያት አጠገባቸው ቁጭ ብለው «ኧረ አፍንጫዬ እንዲህ አይደለም» ይበሉ። ልጆቹ «ቅንድብ» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ አይረሱትም።

አዲስ አበባ ነኝ። እህቴ ከአሜሪካ ዊ ላከችልኝ። ዝም ብዬ ሶኬት ላይ ልሰካው?

ተው! እጅህን ሰብስብ። የአሜሪካው ዊ አዳፕተር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው 220 ነው። ከሰካኸው ይቃጠላል። ወይ ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ፣ ወይ ለአውሮፓ የተሠራ የዊ አዳፕተር ፈልግ። ዲስክ ስትገዛም ተጠንቀቅ፤ የአሜሪካ ማሽን የአውሮፓ ዲስክ አይቀበልም። ገመዱ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ጫፍ ያለው የድሮው ዓይነት ነው። ቲቪህ አዲስ ከሆነና ቀዳዳው ከሌለው፣ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ያስፈልግሃል። ለእያንዳንዱ ሪሞት ደግሞ ሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ቁጠር።

እህትህ ቲቪ ላይ የሚቀመጠውን ቀጭን ዘንግ ረስታው ከሆነ አትናደድባት። ሴንሰር ባር ይሉታል እንጂ ምንም አይመዘግብም። በሁለት ጫፎቹ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይረጫል፤ የሚያየው ሪሞቱ ነው። ብዙ ሰው በሁለት ሻማ ተክቶት ሠርቶለታል። ሻማው ግን ልጅ የማይደርስበት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሻማው ይኖርሃል፣ ዊው አይኖርህም፤ እሱን ቻለው።

ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ሳሎናችንን ሶፋና ቡፌ ሞልቶታል። ቦታው ይበቃናል?

እንደ ማሽኑ ነው። ኤክስቦክስ ከሚባለው ሌላ የጌም ማሽን ጋር የሚሠራው ኪኔክት መላ ሰውነትን በካሜራ ስለሚያይ ለአንድ ሰው 1.8 ሜትር፣ ለሁለት 2.4 ሜትር ያህል መራቅ ይፈልጋል። ለእናንተ አይሆንም። ምርቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ቆሟል። በእጅ የሚያዙት ግን ክንዳችሁ የሚዘረጋበት ቦታ ካገኙ ይበቃቸዋል። ረከቦቱን ከመሀል አንሱ። ከቡፌው መስታወት ራቁ። የሪሞቱን ማሰሪያ ደግሞ አንጓ ላይ አጥብቁ፤ ዊ እንደወጣ ሰዉ ሪሞቱን ቲቪው ላይ እየለቀቀ ስላስቸገረ ኒንቴንዶ በዚያው ታኅሣሥ ማሰሪያውን በወፍራም ለመቀየር ተገዷል።

ሪያድ ነው የምሠራው። ለታናናሾቼ ስዊች የሚባለውን የኒንቴንዶ ማሽን ይዤላቸው ልገባ ነው። ላይት የሚባለው ይረክሳል። እሱን ልግዛ?

አትግዢው። ላይት ከቲቪ ጋር አይገናኝም፣ በእጅ የሚያዙት ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች፣ ጆይኮኖቹም አይነቀሉም። ለብቻ ለሚጫወት ልጅ ጥሩ ነው፤ ለቤተሰብ አይሆንም። መደበኛውን ስዊች ያዢ። ሁለቱ ጆይኮኖች ሲነቀሉ ለሁለት ሰው ይሆናሉ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። የጌም ካርዱም ከየትም ሀገር ቢገዛ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ መረብ ኳስ፣ ባድሜንተን፣ ቦውሊንግ፣ ቴኒስ፣ የሰይፍ ፍልሚያና እግር ኳስ አለው፤ ጎልፍና ቅርጫት ኳስ በኋላ ተጨምረዋል።

ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ የዊ ቴኒስ ሲጫወት አድሮ ትከሻዬን አመመኝ ይላል። አስመስሎ ነው?

ላያስመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ሐኪም በራሱ ላይ የደረሰውን ይህንኑ የትከሻ ሕመም በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎታል። መድኃኒቱ ለአንድ ሳምንት የሕመም ማስታገሻ መውሰድና ከዊ ጨርሶ መራቅ ነበር። ካልተሻለው ሐኪም ይየው። በነገራችን ላይ ለጌሙ ክንድ መሰንዘር አያስፈልግም፤ የእጅ አንጓ ይበቃል። ይህን ንገሪው፤ የሚሰማሽ ግን አይመስለኝም።

ጀስት ዳንስ የሚባለውን የጭፈራ ጌም ገዛን። እኔ እስክስታ እወርዳለሁ፣ ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ ትበልጠኛለች። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም እመቤቴ። ጀስት ዳንስ የሚቆጥረው ጆይኮን ወይም ስልክ የያዘውን ቀኝ እጅዎን ብቻ ነው። ትከሻዎ ቢንቀጠቀጥ፣ አንገትዎ ቢሰበር፣ እግርዎ ቢረግጥ አያይልዎትም። ልጅዎ ይህን ነቅታበታለች፤ ተጋድማ እጇን ብቻ ታወዛውዛለች። በሚቀጥለው ጊዜ እስክስታውን አይተዉት። ነጥቡን ለእሷ ይልቀቁላት፣ ቀጥሎ ግን ቲቪውን ያጥፉና እሷን እስክስታ ያስወርዷት።