የልጅሽ የእግር ጣት እብጠት ከኮሮና ይሆን?

እህቴ፣ ልጅሽ ጉንፋን ብጤ ይዞት ከተሻለው በኋላ የእግሩ ጣቶች አብጠው እንደሚያሳክኩት ጽፈሻል። ኮሮና ይሆን ወይ ላልሽው፣ ሊሆን ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የቆዳ ሐኪሞች ይህንኑ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ አይተዋል። ጣቱ ያብጣል፣ ያቃጥላል። በነጮች ቆዳ ላይ ቀይ ይሆናል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ መልክ ነው የሚኖረው። ስለዚህ አልቀላም ብለሽ አትዘናጊ። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይጠፋል።

ግን ደሴ ናችሁ። የጦሳ ተራራ ብርድ ብቻውንም እንዲህ ያደርጋል። በዓይን አይቶ መለየት ለሐኪምም ይከብዳል። ደረቅ ካልሲ አድርጊለት። እግሩን ከሰል ላይ አታሙቂው፣ ይብስበታል። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስና ሌላም የቤት ሰው የሚያሳክከው ከሆነ ደግሞ እከክን ጠርጥሪ። ዝም ብለሽ ከፋርማሲ ቅባት አትግዢ፤ ስቴሮይድ የሚባለው ማሳከክን የሚያስታግስ መድኃኒት ካለበት እከኩን ይደብቀዋል።

ኮሮና ሳማ የለበለበው የሚመስል ሽፍታ፣ ወይም እንደ ጉድፍ ውሃ የቋጠረም ሊያወጣ ይችላል። እነዚህ ብዙም አያስፈሩም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከኮሮናው ሕመም ከ2 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ትኩሳት ከሽፍታ፣ ከዓይን መቅላትና ከሆድ ሕመም ጋር ከመጣ፣ እባክሽ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው። ልብን ሊጎዳ ይችላል። ትኩሳት ኖሮት ሲጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ካየሽም እንደዚሁ። ይህ ሁሉ ከሌለ ተረጋግተሽ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለቆዳ ሐኪም አሳዪው።