እናቴን በቅጥር ሰው ባስታምም ምርቃቷ ይቀርብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ካቻምና ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። አሁን አሁን ደግሞ መርሳት ጀምራለች። አንድ ወንድሜ አሜሪካ፣ አንዱ አዳማ ነው፤ እኅቴ ቦሌ አራብሳ ናት። እኔ ሥራዬን ግማሽ ቀን አስደርጌ ብቻዬን አስታምማታለሁ። ካስቀደስኩ አምስት ወር አልፎኛል። የአሜሪካው ወንድሜ «አስታማሚ እንቅጠር፣ እኔ እከፍላለሁ» ይላል። እናትን በቅጥር ሰው ማስያዝ ግን መጣል ይመስለኛል። ምርቃቷም የሚቀርብኝ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ላስተምርሽ አልሞክርም፤ እየኖርሽው ነው። የምቆየው መጨረሻ ላይ ጣል ባደረግሻት ቃል ላይ ነው። «ምርቃቷ ይቀርብኛል» ያልሽው። ይቺን ቃል ፒያሳም ሰምቻታለሁ፣ ቀበናም ሰምቻታለሁ። ሁልጊዜ የምሰማት ከአንድ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ሌሎቹ ልጆች በስልክ «አይዞህ» ከሚሉት ልጅ።

እኔም ብያት ነበር። አባቴን ሳስታምም ማንንም አላስጠጋም። «እኔ እያለሁ?» ነበር መልሴ። አንድ ቀን ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ልትጠይቅ መጣችና ብርድ ልብሱን ከእግራቸው በኩል ገለጠችው። ተረከዛቸው ላይ ሳንቲም የምታክል ጥቁር ቁስል ነበረች። የአልጋ ቁስል። ለካ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እየጣለኝ ሳላገላብጣቸው አድራለሁ። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት አለችኝ። በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም! አንድ ሰው ይሄን ስንት ሌሊት ይችለዋል? አባቴ አንድም ቀን አላማረሩም። ይመርቁኝ ነበር። ምርቃቱን እኔ ወሰድኩ፣ ቁስሉ ለእሳቸው ቀረ።

እናትሽ የጽድቅ መሰላልሽ አይደሉም፣ እኅቴ። ደረቅ አንሶላ፣ በሰዓቱ የተሰጠ መድኃኒትና ያልመረረው ፊት የሚያስፈልጋቸው ሰው ናቸው። ይሄ ሁሉ ከአንድ ሰው አይገኝም።

ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ ሲሰጥ (ዮሐ. 19፥26-27) ስብከቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ዛሬ የማየው ግን ቀላሉን ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ሕማም ውስጥ እናቱ ማን ቤት እንደምትኖር ሳይወስን አልሄደም። ለሌላ ሰው እጅ በአደራ ሰጣት፤ ደቀ መዝሙሩም ወደ ቤቱ ወሰዳት። ይህን መጣል የሚለው ማን ነው? ቅዱስ ጳውሎስም ለወላጆቻቸው ብድራት እንዲመልሱ ያዘዘው «ልጆችን» ነው (1ኛ ጢሞ. 5፥4)፤ አንዲት ልጅን ብቻ አላለም። አንቺ ሁሉን ብቻሽን ስትይዢ ሦስቱን ባለዕዳ አድርገሽ ታስቀሪያቸዋለሽ።

ስለዚህ ተሰብሰቡ። እሑድ ከሰዓት ይሁን፤ አሜሪካ ጧት ስለሆነ ወንድምሽም በቴሌግራም ይግባ። ስለ ብር ብቻ አታውሩ። ሌሊቱን ማን ይይዛል? ለሐኪም ቀጠሮ ከአራተኛ ፎቅ ማን ተሸክሞ ያወርዳቸዋል? አንቺስ ብትታመሚ? «ከአሁኑ ይሄን ማውራት ሟርት ነው» የሚል አይጠፋም። ዱሮ ሳናቅድ ይሳካልን የነበረው ጎረቤት ስለነበረ ነው። አንዷ አጥሚት ይዛ ትገባለች፣ አንዷ አንሶላውን አጥባ ታሰጣለች። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ያ ሁሉ ጎረቤት የት የት እንደተበተነ አንቺም አይተሻል።

«እኔ አገልግሎት አለብኝ» የሚል ከመጣ ማርቆስ 7ን ያንብብ። ልደቱን መቄዶንያ ሄዶ አረጋውያንን እያበላ የሚያከብር፣ እናቱን ግን በወር አንዴ በስልክ የሚጠይቅ ሰው አውቃለሁ። መሄዱ መልካም ነው። ግን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ ወላጆቻቸውን የነፈጉትን ጌታ ምን እንዳላቸው ይየው።

አስታማሚ ቅጠሩ። እዚህ ላይ ግን ልቆጣ ነው። ለወጥና ለእንጀራ የተቀጠረችን ልጅ በዚያው ደመወዝ አስታማሚም የሚያደርጓት ብዙ ቤት አለ። ሌሊት ስታገላብጥ አድራ ጧት ቡና ታፈላለች። ያዕቆብ የሠራተኛው ደመወዝ ይጮኻል ያለው (5፥4) እንዲህ ላለው ቤት ነው። የምትቀጥሩት ሰው ለማስታመም ብቻ ይሁን፣ የዕረፍት ቀንም ይኑረው። የመድኃኒቱን ሰዓት ጽፈሽ ከአልጋው ራስጌ ለጥፊ። እናትሽ ተሳስተው በሌላ ሰው ስም ቢጠሩሽ «አቤት» በይ፤ አታርሚያቸው። ሲራክ አእምሮው ቢደክምም ታገሠው ይላል (3፥13)። ጾም ነው ብለው ኪኒኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እምቢ ካሉም አትሟገቻቸው። የነፍስ አባታቸውን ጥሪ፤ ከእሳቸው አፍ ይስሙት።

የቀረሽበት ቅዳሴ አያስጨንቅሽ፤ የት እንደነበርሽ እግዚአብሔር ያውቃል። ከእንግዲህ ግን ምክንያት የለሽም። የአዳማው ወንድምሽ ቅዳሜ ማታ ይምጣ። እናቱን ማጠብ ካፈረ እሱን ለእኅትሽ ይተወውና አጥሚቱን ያጠጣ፣ ያገላብጥ። ትራሱን ከጀርባቸው እንዴት እንደሚያስደግፍ፣ የማይታዘዘውን እጃቸውን ይዞ እንዳይጎትት ማታውኑ አሳይው። ጧት ነጠላሽን ልበሺና ሥላሴ ሂጂ። ስልክሽን ቤት ተዪው።