የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጅቡቲ ጠልቆ ወደ ድሬዳዋና ሐረር መመለስ

ጥያቄ፦ ሁለት ጓደኛሞች ነን፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምንኖረው። በገና ሰሞን ጅቡቲ ወርደን ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች አካባቢ የአየር ሲሊንደር ተሸክመን በስኩባ ለመጥለቅ አስበናል። ዋና እንችላለን፣ ጠልቀን ግን አናውቅም። ያለን ጊዜ አምስት ቀን ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከመመለሻችሁ ሰዓት ጀምሩ። በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የት እንደሚጠልቅ ነው። እናንተ ግን ከባሕሩ ወጥታችሁ ወደ ከፍታ ስለምትመለሱ፣ የመጨረሻው ጠለቃ የሚያልቅበትና ተሽከርካሪው የሚነሳበት ሰዓት አስቀድሞ መቆረጥ አለበት። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥሎ ለሐረሯ ጠያቂያችን በሰፊው መልሰናል። ለጊዜው አምስተኛውን ቀን ውሃ የማይገባበት ቀን አድርጋችሁ ያዙት።

የመጀመሪያው ቀን በጉዞ ያልቃል፤ ለውሃ የሚቀራችሁ ሦስት ቀን ነው። ኦፕን ዋተር የሚባለው የጀማሪዎች ሥልጠና የንባብ ትምህርት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚደረግ ልምምድና አራት የባሕር ጠለቃ አለው። ሲጨርሱ እስከ 18 ሜትር ለመጥለቅ የሚያበቃ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ንባቡን ድሬዳዋ ሆናችሁ በኢንተርኔት ካልጨረሳችሁ፣ በሦስት ቀን አጣድፎ መማሩን አንመክርም። ከዚያ ይልቅ ከአሠልጣኝ ጋር እስከ 12 ሜትር ብቻ የሚወረድበትን የሙከራ ጠለቃ ያዙ፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ለሥልጠናው 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ ምንም ሳይይዙ ተንሳፍፎ መቆየት ይጠየቃል። በ25 ሜትር ገንዳ ስምንት ጊዜ መሻገር ማለት ነው። የሆቴል ገንዳዎች ብዙውን ጊዜ ከዚያ ስለሚያጥሩ፣ የምትለማመዱበትን ለኩትና አስሉ። እግር መሬት በሚነካበት ገንዳ ብቻ የለመደ ሰው ዋናውን ጨርሶ መንሳፈፉ ላይ ይቸገራል። ስለዚህ አሥሩን ደቂቃ እግር በማይደርስበት በኩል፣ የሚጠብቃችሁ ሰው ባለበት ተለማመዱ።

የመረጣችሁት ወቅት ጥሩ ነው። በግምት ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ በአርታ የባሕር ዳርቻ፣ ዌል ሻርክ የሚባሉ፣ ሰው የማያጠቁ ግዙፍ ዓሣዎች ይመጣሉ። የሚስባቸው ፕላንክተን የተባለው ጥቃቅን ሕይወት ነው፤ ውሃውን የሚያደፈርሰውም እሱው ስለሆነ በዚህ ሰሞን ጥርት ያለ ባሕር አትጠብቁ። ዌል ሻርክን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም። በማስክና በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ከላይ ሆኖ ይታያል። ከገላው ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ አራት ሜትር ራቁ፣ አትንኩት፣ ፍላሽ አታብሩበት። በበጋቸው ግን፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኀምሲን የሚባለው ከየብስ የሚነሳ ነፋስም ባሕሩን ያናውጠዋል።

ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። አንድ ዶላር ወደ 177.7 የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ ምንዛሬው ለረጅም ዓመታት ስላልተለወጠ ወጪያችሁን ከወዲሁ ማስላት ትችላላችሁ። ጀልባ፣ ሲሊንደር፣ ለመስመጥ ወገብ ላይ የሚታሰር ክብደትና የመጥለቂያ ልብስ በዋጋው ውስጥ መኖራቸውን ለይታችሁ ጠይቁ። ጀልባው ላይ ድንገተኛ ሕመም ለያዘው የሚሰጥ ኦክስጅን መኖሩንም ጠይቁ፤ ከሌለ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። «ስምንት ሰዓት እንነሳለን» ካሏችሁ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሶማልኛ የሚችል ከመካከላችሁ ካለ ፈረንሳይኛ ባለማወቃችሁ አትቸገሩም።

በባቡር ከሆነ የጅቡቲው ጣቢያ ናጋድ ነው። የመንገደኛ ባቡር የሚነሳበትን ቀን ጣቢያው ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡና ጠለቃውን በእሱ ልክ ቀጠሮ አስይዙ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፈው፤ ምስክር ወረቀት አለኝ። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ጠልቄ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከውሃ እወጣለሁ። ማታውኑ በመኪና ተነስቼ እሑድ ጠዋት ቤቴ ለመግባት አስቤአለሁ። አውሮፕላን ስለማልሳፈር ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው፣ እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። አደጋውን የሚያመጣው የአየር ግፊት መቀነሱ ስለሆነ፣ በክንፍም ይውጡ በጎማ ለውጥ የለውም። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ በባሕሩ ገጽ ላይ ካለው ሦስት እጥፍ ነው፤ በዚያ ግፊት ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅን ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ከውሃ ከወጣን በኋላ ቀስ እያለ በሳንባ ይወጣል። ሳያልቅ ግፊቱ በድጋሚ ከወረደ ግን፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል።

አሁን መንገድዎን ይመልከቱ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ብዙውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,885 ሜትር ላይ ናቸው። የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ ደግሞ 2,000 ሜትርን ያልፋሉ። ጠላቂዎች ወደ ከፍታ ከመውጣታቸው በፊት የሚቆዩት የጥበቃ ሰዓት ከ600 ሜትር ጀምሮ ላለ ከፍታ የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህ ገና ጅቡቲ ውስጥ አሊ ሳቢህ ሲደርሱ ገደቡን አልፈዋል። አውሮፕላን ቢሳፈሩ ኖሮ ቢያንስ ስለ ጥበቃው ሰዓት የሚያስታውስዎት ሰው ይኖር ነበር፤ መናኸሪያ ላይ ይህን የሚጠይቅዎ የለም።

ለአንድ ጠለቃ ብቻ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ከአንድ በላይ ወይም ለተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። የእርስዎ ሁለተኛው ነው፤ በያዙት ዕቅድ ከእሑድ ጠዋት 4 ሰዓት በፊት መነሳት አይችሉም። ሁለቱንም ጠለቃ ቅዳሜ ጠዋት አድርገው እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ከጨረሱ፣ 18ቱ ሰዓት እሑድ 12 ሰዓት ንጋት ላይ ይሞላል። ሐረር ድረስ ለሚወጣ ሰው ግን 24 ሰዓት ቢቆይ እንመርጣለን። ድሬዳዋ አድሮ መሄድም መፍትሔ አይሆንም፣ ራሷ ድሬዳዋ ከገደቡ በላይ ናትና።

ምልክቶቹ የትከሻ ወይም የክርን ሕመም፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ የቆዳ ሽፍታ፣ መደንዘዝና ማዞር ናቸው። አብዛኞቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ። የሚያሳስበን ብዙ ሰው «ብርድ መታኝ» ብሎ ማስታገሻ ውጦ መተኛቱ ነው። ምልክት ከታየብዎ ወደ ላይ መውጣትዎን ያቁሙ፤ ድሬዳዋ ከደረሱ ደንገጎን አይውጡ። በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሄደው በመጀመሪያ መጥለቅዎን ይናገሩ፤ ሐኪሙ ሳይነገረው በዚህ አገር ይህን ሊጠረጥር አይችልም። የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን ነው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ከዚራ። ከጠለቃ በፊት ባለው ምሽት ጫት መቃም ይከለክላል?

መልስ፦ አይቃሙ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ምግብና እንቅልፍ ይዘጋል። ያልተኛ ሰው ውሃ ውስጥ ቶሎ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ አየሩን ይጨርሳል። ጨብሲ ከተጨመረበት ሰውነት ውሃ ያጣል፣ ይህም ከላይ ለተጻፈው የናይትሮጅን ሕመም የበለጠ ያጋልጣል። ምርቃናም ፍርሃትን ስለሚሸፍን፣ መውጣት ያለበትን ሰው ወደ ታች ይገፋዋል። በልማድ የሚቅሙ ከሆነ ከጉዞው ቀናት በፊት ያቁሙ፤ ድብርቱ ጠለቃው ቀን ላይ እንዳይውልብዎ።

ጥያቄ፦ የኦክስጅኑ ሲሊንደር ስንት ደቂቃ ያቆያል?

መልስ፦ ውስጡ ያለው የታመቀ ተራ አየር ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው። 50 ባር ለመጠባበቂያ ሲቀር የሚሠራበት 1,800 ሊትር ነው። ላይ ሆኖ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ስለሆነ 40 ሊትር ይፈጃል፣ 45 ደቂቃ ይቆያል። 18 ሜትር ላይ 56 ሊትር ስለሚፈጅ 32 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ ላይ መመለሻውንና ናይትሮጅኑ እንዲወጣ 5 ሜትር ላይ የሚቆመውን 3 ደቂቃ ይቀንሱ። በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አይውጡ፤ ትንፋሽ መያዝም ፈጽሞ ክልክል ነው፣ ሲወጡ የሚሰፋው አየር ሳንባ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ይዞኛል፣ ጉዞው ሦስት ቀን ቀርቶታል። መነጽርም አደርጋለሁ።

መልስ፦ ለመነጽሩ በዓይንዎ ልክ የተሠራ መስተዋት ያለው ማስክ ስለሚኖር አስቀድመው ይጠይቁ፤ ተራ መነጽር ከማስክ ሥር አይገባም። ጉንፋኑ ግን እስኪለቅዎ ድረስ አይጥለቁ። ሲወርዱ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያለው ግፊት እንዲስተካከል አፍንጫን ይዞ በቀስታ እፍ ማለት ያስፈልጋል፤ ይህም ሳያም ገና ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ በየግማሽ ሜትሩ ይደረጋል። አፍንጫ ሲዘጋ መንገዱም ይዘጋል፣ በኃይል ሲገፉት የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ ይችላል። አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ወስዶ መጥለቅም አደገኛ ነው፤ ታች እያሉ ኃይሉ ካለቀ አየሩ ታፍኖ ይቀርና መውጣቱ ያሠቃያል። ቀጠሮውን ያዛውሩ፤ የጀልባው ባለቤቶች ማዛወር የሚፈቅዱት እስከ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ደውለው ይጠይቁ።