ጥያቄና መልስ፦ «ዲ-ዳይመሩ ከፍ ብሏል፤ ስትሮኩ ሊመለስ ነው?»

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መትቶት ግራ እግሩ ሰንፏል። ሐኪሞቹ የረጋው ደም ከልብ የመጣ ነው አሉን። ሚትራል የሚባለው የልብ በር በሩማቲክ በሽታ ጠቧል፤ ምቱም ተዛብቷል፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው ተብሏል። የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ይወስዳል። ሰሞኑን ባሠራነው ምርመራ ዲ-ዳይመር 1,450፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ 1,900 መጣ። ሌላ ስትሮክ ሊመታው ነው? በየወሩ እናስመርምረው ወይ?

መልስ፦ ቁጥሮቹ ሥጋት መኖሩን ያሳያሉ እንጂ ቀን ቆርጠው አይናገሩም። በየወሩ ማስደጋገምም አያስፈልግም።

ደም ሲረጋ ፋይብሪን በሚባል ክር ይያያዛል። ሰውነት ያንን ክር ሲበጣጥሰው የሚተርፈው ብጣሽ ነው ዲ-ዳይመር የሚባለው። የሆነ ቦታ ደም እየረጋ እየሟሟ መሆኑን ያሳብቃል፤ የት እንደሆነ ግን አይነግረንም። የሳንባ ምች፣ ካንሰር፣ ቀዶ ሕክምና፣ ዕድሜም ከፍ ያደርጉታል። ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን መለኪያም ይዩ፦ «ኤፍኢዩ» ከሆነ በ«ዲዲዩ» ከተለካው በግምት እጥፍ ይሆናል። አንድ ላብራቶሪ 1,450፣ ሌላው 720 ቢል አባትዎ ተሽሏቸዋል ማለት አይደለም።

ዋርፋሪን እየወሰዱ ዲ-ዳይመሩ ከፍ ካለ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሰነፈው እግር ነው፤ ብዙ በማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላልና። ሁለቱን ባት ጎን ለጎን ይዩ። ግራው ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ሲጫኑት ካመመ በዚያው ቀን የደም ሥርን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይ። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የልብ ግድግዳ ሲወጠር የሚወጣ ነው። የበሩ መጥበብም፣ የምቱ መዛባትም፣ የኩላሊት ድካምም ይጨምሩታል፤ ስለዚህ ከኩላሊት ምርመራው ከክሬቲኒንና ከልብ አልትራሳውንዱ ከኢኮ ጋር ካልታየ ትርጉም የለውም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤቢሲ የተባለው ስሌት ይህንን የልብ ጡንቻ መጎዳትን ከሚያሳየው ከትሮፖኒን፣ ከዕድሜና ከቀድሞ ስትሮክ ጋር ደምሮ የስትሮክ አደጋውን ይገምታል። አባትዎ ግን ስትሮክም፣ የምት መዛባትም፣ የጠበበ በርም ስላላቸው ቁጥሩ ዝቅ ቢል እንኳ የደም ማቅጠኛው አይቆምም። ዝቅ ያለ ውጤት አይቶ መድኃኒት ማቆም ከፍ ካለው ቁጥር ይበልጥ ያስፈራናል።

ገንዘቡን አይኤንአር ላይ ያውሉት፤ ይህ ዋርፋሪኑ ደሙን ምን ያህል እንዳቀጠነ የሚለካ የደም ምርመራ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ በተደረገ ጥናት፣ ስትሮክ አግኝቷቸው ምታቸው ከተዛባ ሰዎች መካከል ያለ ደም ማቅጠኛ በዓመት 12 በመቶው እንደገና ስትሮክ ሲመታቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4 በመቶው ብቻ ናቸው። አይኤንአሩ ከ2 እስከ 3 ይሁን። እስኪረጋጋ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየአራት ሳምንቱ ይለካ።

ደም ሲቀዳ አጠገባቸው ይቁሙ። ክዳኑ ፈዛዛ ሰማያዊ የሆነው ቱቦ እስከ ምልክቱ መስመር መሙላት አለበት፤ ውስጡ ያለው ሲትሬት ለዘጠኝ እጅ ደም አንድ እጅ ሆኖ የተለካ ነው። ደሙ ከጎደለ ሲትሬቱ ይበዛና አይኤንአሩ ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሐኪሙ ያንን አይቶ ዋርፋሪኑን ይቀንሳል፤ ደሙም ይረጋል።

ጎመን አይከለከልም፤ መጠኑ ግን አይዋዥቅ። በጾም ጎመንና ሰላጣ ሲበዛ አይኤንአሩ ይወርዳል፤ ጾሙ ተፈትቶ ድንገት ሲቀር ይወጣል። ፀረ-ተሕዋስያኑ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ከፍ፣ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ዝቅ ያደርጉታል። ከእነዚህ አንዱ ከተጀመረ በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይለካ፤ ሪፋምፒሲን ከሆነ ግን ውጤቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ለሳምንታት በየሳምንቱ ይደገም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው አጎቴ «ምርመራ የማይፈልገውን ሌላ ደም ማቅጠኛ፣ ሪቫሮክሳባን ልላክለት» ይላል። እንቀበል?

መልስ፦ ለእርሳቸው አይሆንም። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት፣ በሩማቲክ የልብ በሽታ ምታቸው የተዛባ ከ4,500 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያሉትን ከወሰዱት የሞቱት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። አጎትዎ መርዳት ከፈለጉ የአይኤንአሩን ወጪ ይሸፍኑ። ክኒኑ ቀድሞ ደርሶ ከሆነ ከዋርፋሪኑ ጋር ደርበው እንዳይሰጧቸው፤ ደም መፍሰስ ያመጣል።