ዘርፍ የሌለው ስጋጃና በረኪና የነካው ሱፍ

ከዴንቨር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ሌሎችም እንዲከተሉን ጉዳዩን ባጭሩ ልድገመው። ከሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ናቫሆ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚሸምኑትን ዓይነት አሮጌ የሱፍ ስጋጃ ገዛሽ። አራት ረጃጅም ቀጫጭን ምስሎች ቆመውበታል፤ ቀስተ ደመና በሦስት ጎን ከቧቸዋል። ምንጣፍ አጣቢ ወስዶ በእንፋሎት ሲያጥበው ቀዩ ነጩ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ወሰደውና «አጸዳሁት» ብሎ መለሰልሽ። አሁን ቀዩ እድፍ የለም፤ ነጩ ግን ቢጫ ሆኖ ሲነኩት እንደ ገለባ ይሰባበራል። አንዱ ጥግ ተጠቅልሎ አልተኛም ብሏል። ጫፉ ዘርፍ ስለሌለው ተቆርጦ ይሆን ብለሽ ሰግተሻል። አክስትሽ ደግሞ «በአቼቶ እሺው» ብላሻለች።

ጥርጣሬዬ አንድ ነው። ሰውዬው በረኪና ነክሮበታል። እንፋሎት ቀለም ያስለቅቃል እንጂ ሱፍን እንዲህ ቢጫና ተሰባሪ አያደርግም። ሱፍ እንደ ፀጉር ነው፤ በረኪና ይበላዋል።

ስለዚህ አቼቶውን መልሰሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ክተቺው። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። አክስትሽ ሙያው ጠፍቷቸው አይደለም። ቀለም ለሚለቅ ሱፍ ጥቂት አቼቶ እኔም እጠቀማለሁ፤ በረኪና ባልነካው ላይ ግን።

ስጋጃውን በረንዳ ላይ፣ ጥላ ስር፣ ዘርግተሽ ለጥቂት ቀናት አናፍሺው። አታርጥቢው። ጥጉን ይዘሽ አታራግፊው፤ የተበላው ሱፍ እዚያው ይበጠሳል። አቧራውን በመጥረጊያ ማሽን መሳብ ትችያለሽ፤ የሚሽከረከረውን ብሩሽ አውጪለት፣ ኃይሉን ቀንሺው፣ አፉ ላይም የመስኮት መረብ እሰሪበት።

አሁን ወደ ዘርፉ። ይህን ነገር ማስረዳት ስለምወድ ታገሺኝ። የእኛ ሸማኔ ድሩን ረጅም አድርጎ ያዘጋጅና ሲጨርስ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ጫፍ ዘርፍ ይሆናል። የናቫሆ ሸማኔ እንዲህ አትሠራም። ድሯ አንድ ያልተቆረጠ ክር ነው፤ በሁለት እንጨቶች መሃል እንደ 8 ቁጥር እየተጠማዘዘ ይመላለሳል። የላይና የታች መታጠፊያዎቹ በተገመደ ወፍራም ክር ይያያዛሉ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ በቆመ እንጨት ላይ ይወጠራል። መወርወሪያ የለም። ማጉን በጣቷ እያስገባች በእንጨት ማበጠሪያ ትጠቀጥቀዋለች። ሥራው ወደ ላይ እየቀረበ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብና እጅ አያስገባም። የመጨረሻዋን ጥቂት ጣት ስፋት በመርፌ፣ ክር በክር ነው የምትሞላው። ቆርጣ ብትገላገል ይቀላት ነበር፤ አትቆርጥም። አራቱም ጎን ዝግ የሆነው ለዚህ ነው። በአስመስሎ የተሠራው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ድሩ ተቆርጦ በዘርፍ ታስሯል፣ ወይም ጫፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ተሰክቷል። ያንቺ ዘርፍ አልባነት ጥሩ ምልክት ነው። ባለቤትሽ ያሰበውን ዘርፍ እንዳትሰፉበት!

አራተኛው ጎን ላይ ቀስተ ደመና አለመኖሩም ጉድለት አይደለም። ምስሎቹ ናቫሆዎች ዬኢ የሚሏቸው ቅዱሳን ናቸው። መነሻው ለፈውስ ሥርዓት መሬት ላይ በባለ ቀለም አሸዋ የሚሣለው ሥዕል ነው፤ ሥርዓቱ ሲያበቃ ይደመሰሳል። እዚያ ክፍት የሚተወው ጎን የምሥራቅ አቅጣጫ ነው። ሥዕሉን ወደ ስጋጃ ካመጡት አንዱ በ1937 እ.ኤ.አ. የሞተው የሥርዓቱ አዋቂና ሸማኔ ሐስቲን ክላህ ነው፤ የሚደመሰሰውን ነገር በሱፍ አስቀረህ ብለው የገዛ ወገኖቹ ተቆጥተውበታል።

የተጠቀለለው ጥግ ሌላ ሰው ያበላሸው ነው። የጠርዙ ግማድ፣ ማለትም ያ የተገመደው ወፍራም ክር፣ ተበጥሶ በናይለን ክር ተጠፍሮ ይታየኛል። ርካሽ ናይለን! ስንቱን ስጋጃ እንዳየሁ። ሱፉን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። በትንሽ መቀስ ከጀርባ በኩል አንድ በአንድ ቁረጪው፤ አትጎትቺ። ከዚያ ጥጉን በሁለት ንጹሕ የጥጥ ጨርቆች መሃል አስተኝተሽ መጽሐፍ ጫኚበት፣ አንድ ሳምንት ይቆይ። ካውያ አይነካውም።

ቢጫው ቦታ አይመለስም። የተበላ ሱፍ መድኃኒት የለውም፤ ባለሙያ አውጥቶ በሱፍ ክር ዳግም ሊሸምነው ይችላል፣ ዋጋው ግን ከገዛሽበት ሊበልጥ ይችላል። እስከዚያ እግር አይርገጠው። «አንዴ ብቻ ላጥበው» የሚል ዘመድ ከመጣ ደግሞ እንደገና ልንገርሽ፦ በረኪና ባለበት አቼቶ የለም፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም የለም። አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ከመጣ ስጋጃውን ተዪና ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።

ናይለኑን ስትጨርሺ የጥጉን ጀርባ ቀርበሽ አንሺና ላኪልኝ። ግማዱ ባለ ሁለት ይሁን ባለ ሦስት ክር ካየሁ በኋላ የምትገዢውን የሱፍ ክር ውፍረት እነግርሻለሁ።